አዶት የመረጠችው ቀይ ጀልባ

ወልቂጤ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበርሽው እህቴ ነዒማ፣

አሰላሙ ዓለይኪ ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ይህን የምታነቢው ቆመሽ ከሆነ ተቀመጪ። ተቀምጠሽ ከሆነ ግድግዳ ተደገፊ። ጋሼ አብዶ አጠገብሽ ካለ እጅሽን ይያዝልኝ። ከባድ ዜና ነው። ሽማግሌዎች "ቀስ አድርገህ አርዳት" ብለው መክረውኝ ነበር፤ እኔ ግን ጎበዝ እንደሆንሽ ስለማውቅ በአንድ ጊዜ ልንገርሽ።

ቤታችን ለሁለት ተከፈለ።

ሰው አልሞተም። ላምም አልሞተችም። በድንበርም አልተካሰስንም። የተከፈልነው በጀልባ ነው፤ ማናችንም ባላየነው፣ ገና ባልተገዛ፣ አውስትራሊያ ባለ ጀልባ። ባለፈው ደውለሽ "ጀልባ ልንገዛ ነው፤ አብዶ ስላሎም ይላል፣ ዛህራ ዌክቦርድ ትላለች፣ አባትና ልጅ አልተስማሙም" ብለሽ ዘጋሽ። አንቺ ተኛሽ፤ እኛ አልተኛንም። እናትሽ፣ የእኔ አክስት፣ የመንደሩ ሁሉ አዶት ዘይባ፣ "ቤተሰብ የሚጎትት ነገር ያለ ቤተሰብ ምክር አይገዛም" ብላ ዘመድ ጠራች። ሥርዓቱን መቼም አልረሳሽውም። በሬ የሚገዛው ተመክሮበት ተመርቆ ነው። የእኔ ባጃጅ እንኳ አጎት ኑርጋ ጎማዋን በከዘራ ቆርቁረው፣ ጥርሷን ሊያዩ አፏን ፈልገው ካጡ በኋላ ነው የተመረቀችው።

አስረጂው እኔ ነበርኩ። በቤቱ ውስጥ ዘጠነኛ ክፍልን ሁለቴ የተማረ ከእኔ በቀር የለምና። ዩቲዩብ አይቼ መጥቼ እንዲህ አልኳቸው፦ "ስላሎም ማለት ሰውየው አንድ ጣውላ ላይ ቆሞ፣ ገመድ ይዞ፣ ጀልባ እየጎተተው፣ ውኃው ላይ የተቀመጡ ኳሶችን ግራ ቀኝ እየተጠማዘዘ ያልፋል። ዌክቦርድ ደግሞ ሁለት እግሩን ሰፊ ሰሌዳ ላይ አስሮ፣ ጀልባው ከኋላው በሚያስነሳው ሞገድ ላይ ይዘላል።" አጎት ኑርጋ ብዙ አሰቡና፣

"ሰውየው ምን አጥፍቶ ነው የሚጎተተው?" አሉ።

ያን ጊዜ ጀፎሮውን አነሳሁባቸው። ከአታት ወዲያ ያለውን የመንደራችንን ሰፊ የሣር መንገድ፣ ለቅሶውም ሠርጉም ከብቱም የሚያልፍበትን። ነዒማ፣ ክረምት ሲሆን እንደ ሳሙና የሚያንሸራትተው ትዝ ይልሻል? ከእንሰት ግንድ ሰፊ ቅርፊት ትልጪና ትቆሚበታለሽ፤ የቃጫ ገመድ ትይዣለሽ፤ የገመዱ ጫፍ ዳማ የሚባለው ወይፈን ላይ ነው። ዳማ ሲሮጥ አንቺ የላም ማሰሪያውን ካስማዎች ግራ ቀኝ እየተጠማዘዝሽ ታልፊያቸው ነበር። እኔ ደግሞ ያን ጊዜ ጥርሴ የወላለቀ ነበርኩ፤ ቦዩ ላይ ስደርስ እዘልና በአፍንጫዬ አርፋለሁ። እንግዲህ አንቺ ስላሎም ነበርሽ፣ እኔ ዌክቦርድ ነበርኩ። ፓስፖርት የጠየቀንም አልነበረም።

ይህን ሳሰማቸው ሁሉም ገባቸው፣ ገብቷቸውም ተጣሉ። አጎት ኑርጋና ሽማግሌዎቹ ከጋሼ አብዶ ጋር ሆኑ፤ "መጠማዘዝ ጨዋነት አለው" ብለው። እኔና ወጣቱ ከዛህራ ጋር ሆንን። ፎቶ ላኪልን፤ ያላየነውን ጀልባ መምረጥ ያላዩትን ሙሽራ እንደ ማግባት ነው።

አዶት የስልክ ወሬ ንፋስ ነው ስለምትል በወረቀት እንድጽፍ አዝዛኛለች። የጻፍኩትን ከመላኬ በፊት ታስነብበኛለች፤ ወረቀቱ እሷ ዘንድ ይቀራል፣ ፎቶው በቴሌግራም ይደርስሻል። ስለዚህ እሷን የማማበት ቀዳዳ የለኝም። አሁንም ከጎኔ ሆና፣ "'ለአረፋ ትመጣላችሁ ወይ' ብለህ እንዳትጠይቃት" ብላኛለች። አልጠየቅኩሽም።

ለዚህ ሁሉ ሐዘን ሶብሩን ይስጥሽ።

የተከፈለው ቤት ጸሐፊ፣
ኡበይድ


ሼፐርተን፣ ኅዳር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ኡበይድ፣

ወዓለይከ ሰላም ወረሕመቱላህ። አንተ ቀጣፊ፣ አላህ ይይልህ። የመጀመሪያዎቹን መስመሮች ያነበብኩት ሥራ ቦታ፣ ፍራፍሬ የምናሽግበት ነው። ፊቴን ያየው አለቃዬ ወንበር አመጣልኝ። በኋላ ምን ሆነሽ ነው ሲለኝ ምን ልበለው? "አጎቴ ስለ ጀልባ ተናደዱ" ልበለው? አምና "አገባሁ" ብለህ ጎረቤት ሰብስቤ እልል ካልኩ በኋላ ሙሽራዋ ባጃጅ ሆና መገኘቷን አልረሳሁም።

አዶት ትስማ፣ አንተም በደንብ አንብብላት። ሁለት ጀልባዎች ናቸው። ነጩ ሞተሩ መሃሉ ላይ ነው፤ ዝቅ ያለ፣ ቀጥ ብሎ የሚሄድ፣ ውኃውን እንደ ቢላ ሰንጥቆ ከኋላው ትንሽ ሞገድ ብቻ የሚተው። አብዶ የሚወደው እሱን ነው፤ ስላሎም የሚጫወት ሰው ከኋላው የተኛ ውኃ ይፈልጋል። ሰማያዊው ሞተሩ ኋላ ነው። ቂጡ ከባድ ነው፤ ገመዱ የሚታሰረው ከላይ በቆመ የብረት ቅስት ላይ ነው፤ የሚተወው ሞገድ ጉልበት ይደርሳል። ዛህራ የምትሞትለት ያ ነው። "ባባ፣ በአንተ ጀልባ ላይ ከምዘል ምንጣፍ ላይ ብዘል ይሻለኛል" ትለዋለች። እሱ ደግሞ "በአንቺ ጀልባ ኋላ ስላሎም መጫወት ቁልቁለት ላይ ብስክሌት እንደ መንዳት ነው" ይላታል። እራት ላይ የምንሰማው ይህንን ነው።

ሦስተኛም አለ ብሎ ሻጩ ነግሮናል፤ ሆዱ ውስጥ ከረጢቶች ያሉት። ለዛህራ ሲሆን ከወንዙ ውኃ ይሞላቸውና ይከብዳል፣ ሞገዱ ይነሳል። ለአብዶ ሲሆን ይደፋዋል፣ ይቀላል። አብዶ ግን "ሁለት የሚችል አንዱንም አይችልም" ብሎ አላየውም።

የነጩንና የሰማያዊውን ፎቶ ልኬልሃለሁ። በሻጩ ግቢ እንደ ቆሙ ነው ያነሳኋቸው፤ ሰው የለባቸውም።

እኔ የቱ ወገን ነኝ ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ። እኔ አልነዳም፣ አልጎተትም። እዚህ ሕጉ ከሹፌሩ ሌላ ወደ ኋላ ዞሮ ተጎታቹን የሚያይ አንድ ሰው ይኑር ይላል። ያ ሰው እኔ ነኝ። በኪራይ ጀልባ ስንወጣ ሁሉም ወደ ፊት ሲያይ እኔ ወደ ኋላ አያለሁ። የወደቀ እንደሆነ እጄን እሰቅላለሁ፣ ጀልባው ይዞራል። መሪ በሚባለው ወንዝ ላይ ጀርባዬን ለመንገዱ ሰጥቼ ስሄድ፣ የማየው ውኃውን ይሁን ጀፎሮውን አንዳንዴ ይምታታብኛል።

ያልጠየቅከኝን ጥያቄ አንብቤዋለሁ። ጀልባውም ጉዞውም የሚወጣው ከአንድ ኪስ ነው። ዛህራ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ የጠበቀችው ጀልባውን ነው። ኢንሻአላህ እናያለን በልልኝ።

እህትህ ነዒማ


ወልቂጤ፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለነዒማ፣ ወደ ኋላ ለምታየው፣

ሰላምታዬ ከወልቂጤ መናኸሪያ ተነስቶ፣ ሳይሞላ የማይነሳ ሚኒባስ እንኳ ሳያዘገየው ይድረስሽ። ደብዳቤሽን አነበብኩላቸው። "ኢንሻአላህ እናያለን" የሚለው ጋ ስደርስ አዶት "ድገመው" አለችኝ፤ ደገምኩት። "እሺ፣ ቀጥል" አለች። መቀጠያ አልነበረውም፤ መጨረሻው እሱ ነበር።

ፎቶዎቹን ወልቂጤ ፎቶ ቤት ወስጄ በትልቁ አሳጠብኩ። የፎቶ ቤቱ ባለቤት ምንተስኖት የሚባል ጓደኛዬ ነው። "የማን ጀልባ ነው?" ሲለኝ "የእኔ፤ ጊቤ ላይ ላሠራት ነው" አልኩት። በማግስቱ ሁለት ሰው ረዳት አድርገህ ቅጠረኝ ብሎ ባጃጄን አስቁሞኛል። አንደኛው ዋና አይችልም፤ "ጀልባው ይችል የለ?" አለኝ። ቀጥሬዋለሁ።

ምክሩ ተካሄደ። አጎት ኑርጋ ነጩን አይተው "ይሄ ቁጥብ ነው" አሉ፤ ሰማያዊውን አይተው "ይሄ ጎረምሳ ነው" አሉ። እኔ ሞተሩ ኋላ ያለው ይሻላል አልኩ፤ ባጃጅም ሞተሯ ኋላ ነውና ዘመድ ናቸው። አጎት ኑርጋ "ለዚህ ነዋ ዳገት ላይ ተሳፋሪ የሚያስገፋህ" አሉ። በዚህ ተኮራርፈን ቆጮው እስኪቀርብ አልተነጋገርንም።

አዶት ሁለቱንም ፎቶ ተቀበለችና ወደ በሩ ወጣች። ብርሃኑ ላይ ይዛ ቆየች። ከዚያ፣ "ቀዩ ይሻላል" አለች።

ቃሏ ይኸው ነው። አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። "ቀዩ ደስ ይላል። ዛህራም ከፊቱ ቆማ ስትስቅ አምሮባታል። ቀዩን ይግዙ።"

አጎት ኑርጋ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፣ መልሰው ዘጉ። እኔም ዝም አልኩ። እኔ ዝም ስል አይተሽኝ ታውቂያለሽ?

ይህን ደብዳቤ ጨርሼ አሁን አነበብኩላት። "ልክ እንዳልኩት ጽፈሃል" ብላ መርቃኛለች።

የጀልባው ድርጅት ሥራ አስኪያጅ፣
ኡበይድ


ቡታጅራ፣ ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ነዒማ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። መልስ አልመጣም። ደብዳቤዬ ደርሶሻል፤ ማንበብሽን ቴሌግራሙ ይነግረኛል።

የምጽፍልሽ ከቡታጅራ ነው። የጓደኛዬ የነብዩ ሠርግ ላይ ሙሽሮቹን በባጃጅ ላጅብ መጥቼ ነው። እዚህ አዶት አትሰማኝም፤ ስለዚህ ይህኛው ቀልድ የለበትም።

ዛሬ ጠዋት ሐረ ሸይጣን ሐይቅ ሄጄ አፋፉ ላይ ቆምኩ። ልጆች ሆነን የመጣን ለት ድንጋይ ስንወረውር ትዝ አለኝ። የማንም ድንጋይ ውኃው ጋ አልደረሰም፤ የማንም አይደርስም ይላሉ። ሁላችንም ስቀን ስንመለስ አንቺ ብቻ ቀረሽ። ክንድሽ እስኪዝል ወረወርሽ። "ድንጋይ የሚደርስበት ውኃ ያለበት አገር እሄዳለሁ" አልሽ። ሄድሽ። ደርሶልሻል። ዛሬ እኔም ወረወርኩ፤ አልደረሰም።

አንድ ነገር እንዳልነግርሽ ወላሂ ብዬ ምያለሁ። በአፌም፣ በስልክም፣ በጽሑፍም። መሐላዬን አላፈርስም። የቀዩን ጀልባ ነገር ግን ደግመሽ አንብቢው። እኔ በሁሉም ሰው እቀልዳለሁ።

ኡበይድ


ሼፐርተን፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኡበይዶ፣

እስከ መስመሩ ድረስ ያለውን ለራስህ አንብብ። ከመስመሩ በታች ያለው የአዶት ነው።

ለምን ዝም እንዳልኩ ልንገርህ። ተናድጄብህ ነበር። ነጭና ሰማያዊ ልኬ "ቀይ" ስትለኝ፣ ሰው የሌለበት ፎቶ ልኬ "ዛህራ ትስቃለች" ስትለኝ፣ በእናቴ የቀለድክ መሰለኝ። "ዕድሜዋን መጫወቻ አደረገው" አልኩና ስልኬን ወረወርኩት። ለአብዶ አነበብኩለት። ስቆ ይተወዋል ስል አልሳቀም። "ይሄ ልጅ በእኔ ይቀልዳል፣ በአንቺ ይቀልዳል፣ በሽማግሌ ይቀልዳል። በአዶት አፍ ውሸት አስገብቶ ግን አያውቅም" አለኝ። እኔ እንዲህ ያለውን ነገር ባለማመን ጥቂት ሳምንት አሳለፍኩ። ከዚያ የቡታጅራው ደረሰኝ።

ወደ አጎት ኑርጋ ደወልኩ። "እኔን ማንም አላስማለኝም፤ የሚጠይቀኝም ጠፍቶ ነው" ብለው ሁሉንም ነገሩኝ። ዓይኗን ሞራ እንደ ሸፈነው። ሐኪሞቹ ይነሳ እንዳሏት። እሷ ደግሞ "ቢበላሽስ? በዚችው በቀረችኝ የዛህራን ፊት ሳላይ ማንም አይነካኝም" ማለቷን። ለእኛ ያልተነገረንም "ናፍቀው ይምጡ እንጂ ደንግጠው አይምጡ" ስላለች መሆኑን።

ኡበይዶ፣ እኔ እዚህ ሥራዬ ወደ ኋላ ማየት ነው ብዬ ጽፌልህ ነበር። የወደቀ እንደሆነ እጄን እሰቅላለሁ ብዬ። አንተ እጅህን ሰቅለህ ስንት ጊዜ ቆየህ?

ለአረፋ እንመጣለን። ደንግጠን እንዳልመጣን የምታደርገው አንተ ነህ።

――――――

ውድ እናቴ አዶት፣ አሰላሙ ዓለይኪ። ጤናሽ እንዴት ነው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ከአንድ ነገር በቀር። ምርጫሽ ደርሶናል፣ ግን አልገዛንም። አብዶና ዛህራ ቃልሽን በወረቀት አንሰማም አሉ። አብዶ "ምርቃት በቴሌግራም አይያዝም" አለ። ዛህራ ደግሞ "አያቴ እኔ ስዘል ካላየችኝ እንዴት ትፈርዳለች?" አለች። ስለዚህ ለአረፋ ይዣቸው እመጣለሁ፤ ዳኛው አንቺ ነሽ። ለሌላ ነገር አይደለም፤ ለጀልባው ነው።

ልጅሽ ነዒማ


ወልቂጤ፣ መጋቢት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበርሽው እህቴ፣

አሰላሙ ዓለይኪ። ባለፈው የላክሽውን፣ የተጻፈውን በሙሉ፣ ከመስመር ጀምሮ አነበብኩላት።

አዶት ሻሿን አስተካከለች። ከዚያ "ለጀልባ ብለው ነው?" አለች።

"ለጀልባ ነው" አልኳት።

"ለሌላ አይደለም?"

"ለሌላ አይደለም ይላል። ድገመው ካልሽኝ ልድገመው።"

"አትድገመው። ለጀልባ ከሆነ ይምጡ" አለችና ተነስታ ወደ ጓሮ ወጣች። እንሰቶቹን እየዳሰሰች ስትሄድ አየኋት። ለካ የምትመርጠው ቅርፊት ነበር። "ለዛህራ ሰፊ ይሁን፣ ለአብዶ ጠበብ ያለ ይሁን፣ እንዳይደርቅ ጊዜው ሲደርስ ትልጥልኛለህ" አለችኝ። እንግዲህ ገና ሦስት ወር ሲቀረው የውድድር ዕቃ ተመርጧል።

አንድ ችግር አለ። ዳማ የለም፤ ከተሸጠ ስንት ክረምት አለፈ። የልጅ ልጁ አለ፤ ግን ሰነፍ ነው፣ ገመድ ሲያይ ይተኛል። ስለዚህ ጎታቹ ባጃጄ ነች። ለሙከራ አጎት ኑርጋን ቅርፊቱ ላይ አስቀምጬ ጎትቼያቸዋለሁ። እንቢ ብለው ነበር፤ "ጨዋነት አለው ያሉት እርስዎ አይደሉም?" ስላቸው አፈሩና ተቀመጡ። እስከ ዋርካው ድረስ እየረገሙኝ ሄዱ። ዋርካው ጋ ስቆም "ምን ያቆምሃል?" አሉኝ።

የሚጎትትሽ ወንድምሽ፣
ኡበይድ


ሼፐርተን፣ ሰኔ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኡበይዶ፣

ሰላምታዬ ካለፈው ይልቅ ይክበድ፤ አሁን የምልክለት ቤት ሽታው ልብሴ ላይ ነው። ሻንጣዬ ውስጥ ያለውን እስካሁን አላጠብኩትም። አብዶ ጉልበቱ እስካሁን እንደ በለዘ ነው፤ ሐኪሙ "በምን ወደቅህ?" ሲለው "በእንሰት" ብሎታል።

ከተመለስን ወዲህ ዛህራ የምታወራው ስለ ጀፎሮው ብቻ ነው። ለጓደኞቿ ስልኳ ላይ ያለውን ስታሳይ አብሬ አየዋለሁ። አንተ ባጃጅህን ስታስጮህ፣ ሣሩ እርጥብ ሆኖ ሲያበራ፣ አብዶ በካስማዎቹ መሃል እንደ ጨዋ ሰው ተጠማዝዞ ተጠማዝዞ፣ ከመጨረሻው ካስማ ጋር ሲተቃቀፍ። ከዚያ ዛህራ። ቦዩ ላይ ስትደርስ የምታቆም መስሎኝ እጄን ልሰቅል ነበር። ዘለለችው። አንተ በአፍንጫህ ታርፍ የነበረበት ቦታ ላይ በእግሯ አረፈች። እንዳትናደድ።

ሁሉም ሲጮህ እኔ ባጃጁ ውስጥ ወደ ኋላ ዞሬ ነበር የተቀመጥኩት። ጀርባዬን የሹፌሩ መቀመጫ ላይ አስደግፌ፣ እግሬን አጥፌ፣ አንድ እጄ ብረቱ ላይ። እንደ ልማዴ። ስንመለስ አዶት በሩ ላይ በርጩማዋ ላይ ነበረች። ዛህራ ላብ በላብ ሆና ፊቷን ሰጠቻት፤ እሷም በሁለት እጇ ይዛ፣ በጣም ቀርባ፣ አየቻት። በመጣን ቀን እንዳየቻት፣ በየቀኑም እንዳየቻት። "አፍንጫዋ የእናቴ ነው" አለች ደግማ። ከዚያ ዳኝነት ተጠየቀች። አብዶ ነጩን አስረዳ፣ ዛህራ ሰማያዊውን አስረዳች። አዶት ሁለቱንም ሰማችና ወደ እኔ ዞረች።

"አንቺ የት ነው የምትቀመጪው?"

ኡበይዶ፣ ስለዚያ ጀልባ ስንት ወር ስንጨቃጨቅ እኔም ራሴን አልጠየቅኩትም ነበር። ነጩ ላይ ወደ ኋላ የሚያይ ሰው የሚቀመጠው የሞተሩ ክዳን ላይ የጀልባውን ጠርዝ ይዞ ነው። ሰማያዊው ላይ ጥግ ላይ ተጣብቆ ነው። "የሚጎተተውማ ተጎትቶ ይመጣል። የምታየዋ ደህና ካልተቀመጠች ማን ያያል? መቀመጫዋ የተመቸውን ግዙ" አለች። አጎት ኑርጋ "አሚን" አሉ፤ አለቀ።

ከተመለስን በኋላ ያንን ሦስተኛውን፣ አብዶ የናቀውን ሄደን አየነው። ሰፊ መቀመጫ አለው፤ ወደ ኋላ የዞረ፣ መደገፊያ ያለው፣ ለሁለት ሰው የሚበቃ። አሮጌ ነው፤ ሌላ ሰው ነድቶታል። ከረጢቱ ሲሞላ ለዛህራ ይሆናል፣ ሲደፋ ለአብዶ ይሆናል። ጉዞው ኪሳችንን ባያጥበው ኖሮ ይህን አናየውም ነበር። ገዛነው። ቀለሙ አረንጓዴ ነው፤ ዛህራ ቀይ ትቀባዋለች።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። ስንለያይ አዶት "አሁን ይንኩኝ፣ አይቻለሁ" ብላኛለች። ቀጠሮዋ ካለፈ ሰነበተ። ስደውል "ደህና ነኝ" ትለኛለች፤ እሷ ሁልጊዜ ደህና ናት። አንተ ደግሞ ዝም ብለሃል። አንተ ዝም ስትል ያለውን ነገር አሁን አውቄዋለሁ። እባክህ።

ነዒማ


ወልቂጤ፣ ሐምሌ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ነዒማ፣ ለጋሼ አብዶ ጉልበት፣ ለዛህራ አፍንጫ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ተቀመጪ ልልሽ ነበር፤ ግን ሰፊ መቀመጫ ገዝተሻል ብዬ ተውኩት።

ዝም ያልኩት እሷ ስላዘዘችኝ ነው። "አሁን ደብዳቤውን ማንም አያነብልኝም፤ ዓይኔ ሲጠራ ራሴ እያነበብኩ ነው የምትጽፈው" አለች። አሁን ከጎኔ ናት። ፊደሎቹን በጣቷ እየተከተለች ነው። የእጅ ጽሑፌ የዶሮ ጭረት ነው ብላኛለች።

የሐኪሙን ነገር ልንገርሽ። በባጃጅ ወሰድኳት። አጎት ኑርጋ አብረው መጡ፤ የቀብር ያህል ፊታቸውን አጥቁረው፣ ዱዓ እያደረጉ። እኔም ቀልድ ፈልጌ አጣሁ። አዶትን አስገቧት። እኔ በጭንቀት ባጃጄን ላጥብ ውኃ ልቀዳ ሄድኩ። ባልዲውን ይዤ ስመለስ በር ላይ ቆማለች፣ አንድ ዓይኗ ተሸፍኖ፣ "የት ትዞራለህ?" እያለችኝ። ያ ሁሉ ወር የፈራነው ነገር ባልዲ እስኪሞላ እንኳ አልቆየም።

በማግስቱ ሲገለጥላት መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው። ብዙ አየችኝ። "ኡበይድ፣ አንተ እንዲህ ነበርክ?" አለችኝ። "ምን ሆንኩ?" ስላት፣ "ምንም፤ ድምፅህን ሰምቼ መልከ መልካም አድርጌህ ነበር" አለች። አጎት ኑርጋ ያኔ የጀመሩትን ሳቅ እስካሁን አልጨረሱትም።

ቤት እንደ ገባች የጀልባዎቹን ፎቶ አምጣ አለች። አመጣሁ። አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች፣ ገልብጣ ጀርባቸውን አየች።

"ነጭና ሰማያዊ ናቸው" አለች።

"አዎ።"

"ቀይ የለም።"

"የለም።"

"ሰውም የለባቸውም።"

"ምን ብለህ ነበር የጻፍክላት?" አለችኝ። "ያልሽውን። አንብቤልሽ መርቀሽኛል" አልኳት። አዶት ፎቶዎቹን ጭኗ ላይ አስተካክላ አስቀመጠች። ልትቆጣ ነው ብዬ ወደ በሩ ጠጋ አልኩ። "መሐላህን አላፈረስክም" አለች። "አላፈረስኩም" አልኳት። ከዚያ ሳቀች። ስቃ አታውቅም ብልሽ ውሸት ነው፤ ግን እንደዚያ ስትስቅ እኔ አላየሁም። እሷም ስስቅ ያየችኝ አሁን ነው።

ስትጨርስ ደግሞ "ናፍቀው ነው የመጡት ወይስ ደንግጠው?" አለች። እኔ "ለጀልባ ነው" አልኩ። አሁንም እላለሁ።

የዛህራን ቅርፊት ግድግዳው ላይ ሰቅላዋለች። ደርቆ ተጠቅልሏል። "ሲደርቅ አይረባም፤ ልጣለው?" ብላት ተቆጣች። እኔ አሁን በመንደሩ ውስጥ ልጆችን በባጃጅ እየጎተትኩ ነው። ዋና የማይችለው ረዳቴ ወደ ኋላ ዞሮ ይቀመጥልኛል፤ ሲወድቁ እጁን ይሰቅላል።

በመጨረሻ አንድ ነገር ላስተካክል፤ አዶት እያነበበች ስለሆነ አምልጬም አላመልጥ። በጥቅምት ቤታችን ለሁለት ተከፈለ ብዬ ጽፌልሽ ነበር። አልተከፈለም። የተጣላነው እኔና አጎት ኑርጋ ብቻ ነን፤ እሱም ቆጮው እስኪቀርብ ነው። ከባድ ያልኩት ጀልባ አሮጌና አረንጓዴ ሆኖ ተገኘ። ከባድ ያላልኩት ደግሞ ከሽንኩርት ገለፈት የሳሳ ነገር ነበር፤ ተነሳ። ሲጠቃለል ሁሉም ትንሽ ነገር ነው፤ ወንበር ላመጣልሽ አለቃሽ ይቅርታ ጠይቂልኝ።

አዶት አሁን ብዕሩን ልትቀማኝ ነው። ራሷ የምትጽፈው አላት፦

ነዒማ ልጄ። ጀልባውን ቀይ ቀቡት። እኔ ቀይ አይቼው ነበር።